ፎርሙ ወይስ መርሁ? ስለ ባህላዊው ታይ ቺ ልምምድ የቀረበ ዳሰሳ

በ1956 የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን የታይ ቺ አዋቂዎችን ሰብስቦ አንድ ሥራ ሰጣቸው። ሥራው የያንግ ቤተሰብን ረጅም ፎርም ማሳጠርና ማንኛውም ሠራተኛ ወይም ተማሪ ሳይቸገር እንዲይዘው ማድረግ ነበር። የወጣው ፎርም 24 እንቅስቃሴ አለው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠራ አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። ዛሬ በዓለም ላይ ታይ ቺ እሠራለሁ ከሚለው ሰው እጅግ ብዙው የሚያውቀው ይህንኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎርም ማለት በካራቴ ካታ እንደሚሉት ነው፤ ቅደም ተከተሉ የተወሰነ፣ ብቻን የሚሠራ የእንቅስቃሴ ሰንሰለት። አጭሩ ፎርም ከወጣ ወዲህ በታይ ቺ ሰዎች መካከል ያልበረደ ክርክር አለ። አንዳንዶች ያጠረው ፎርም ለጂምናስቲክ ይሆን ይሆናል፣ እውነተኛው ትምህርት ግን ያለው እንደ አቆጣጠሩ 85 ወይም 108 እንቅስቃሴ በሚባለው በጥንቱ ረጅም ፎርም ውስጥ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቁጥሩ ምን ይፈይዳል፣ መርሁ ከተጠበቀ ስምንት እንቅስቃሴም ይበቃል ባዮች ናቸው። ነገሩ የታሪክ ወዳጆች ሙግት ብቻ አይደለም። በቀን ግማሽ ሰዓት ያለው ሰው ያንን ግማሽ ሰዓት በምን ላይ ያውለው? የክርክሩ ሥር ይህ ነው።

ታሪኩን ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚረዳው "ጥንታዊው ፎርም" የሚባለው ራሱ በየትውልዱ ሲለወጥ የኖረ መሆኑን ነው። አፈ ታሪኩ ጃንግ ሳንፌንግ የተባለ የዳዎ እምነት ባሕታዊ በዉዳንግ ተራራ ላይ ወፍና እባብ ሲጣሉ አይቶ ጥበቡን እንደ ፈለሰፈ ይተርካል። ታንግ ሃው የተባለው የታሪክ ተመራማሪ ግን በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሄናን ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ቼንጃጎው መንደር ሄዶ የትውልድ መዝገቦችን መረመረ። ያገኘው ምንጭ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የመንደሩ ሰው፣ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ወታደር የነበረው ቼን ዋንግቲንግ ነው። ክርክሩ ጨርሶ ባይዘጋም አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይህን ይቀበላሉ። ጄኔራል ቺ ጂጓንግ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለወታደሮቹ ባዘጋጀው የፍልሚያ መመሪያ ውስጥ "ነጠላ ጅራፍ" እና "ወርቃማው አውራ ዶሮ በአንድ እግር ሲቆም" የሚባሉ አቋሞች አሉ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ በታይ ቺ ፎርም ውስጥ በዚያው ስማቸው ይገኛሉ። ስለዚህ የታይ ቺ የመጀመሪያ መልኩ የጦር ሜዳ ሰው መልክ ነው።

ጥበቡን ከቼን ቤተሰብ ውጭ ያወጣው ያንግ ሉቻን (1799–1872) ነው። የሄበይ ክፍለ ሀገር ሰው ነበር፤ በቼንጃጎው ከቼን ቻንግሺንግ ሥር ለዓመታት ተምሮ ኋላ ቤጂንግ ገብቶ የማንቹ መኳንንትን አስተማረ። በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ ሰረቀው የሚለው ወግ ልብ ወለድ ይመስለኛል። ከእርሱና ከአገሩ ሰው ከዉ ዩሺያንግ ተነሥቶ ጥበቡ ቅርንጫፍ አወጣ። የያንግ ልጆች ቤጂንግ ውስጥ ካስተማሯቸው ወገን የዉ ጂየንቹዋን ስልት ተገኘ። በሌሎች ሁለት የፍልሚያ ጥበቦች አስቀድሞ ስመ ጥር የነበረው ሱን ሉታንግ ደግሞ የዉ ዩሺያንግን መስመር ተምሮ ከነበረው እውቀት ጋር አዋሐደው። ዛሬ አምስቱ ታላላቅ ቤቶች የሚባሉት ቼን፣ ያንግ፣ ሁለቱ ዉዎች እና ሱን ናቸው።

ያንግ ቼንግፉ (1883–1936) የያንግ ሉቻን የልጅ ልጅ ነው። ዓለም ታይ ቺ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ረጋ ያለ፣ ወጥ፣ ሰፊ እንቅስቃሴ በዋነኝነት የእርሱ ሥራ ነው። በድንገት የሚፈነዳውን ኃይል፣ ዝላዩንና በእግር መሬት መድቃቱን ከፎርሙ አውጥቶ ፍጥነቱን ከዳር እስከ ዳር እኩል አደረገው። የተነሣቸው ፎቶግራፎች በ1925 በታተመው በደቀ መዝሙሩ በቼን ዌይሚንግ መጽሐፍና በ1930ዎቹ በታተሙት መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንዱ መምህር ያንኑ አቋም በሁለት ዕድሜ በተለያየ መልክ ሲቆም ያያል። በ1928 ደግሞ ቼን ፋከ ከመንደሩ ቤጂንግ መጣ። ታይ ቺን ለስላሳና ዝግ ያለ አድርጎ ለለመደው ከተሜ መሬት የሚደቃውና ክንዱን እንደ ጅራፍ የሚያስፈነጥረው የቼን ስልት እንግዳ ነገር ነበር። እንግዲህ የትኛው ነው ጥንታዊ? መንደርተኛው ወይስ ከተሜው?

የኔ አስተያየት ይህ ነው። በታይ ቺ ባህላዊ የሚባለው የእንቅስቃሴዎቹ ቁጥርና ዕድሜ ሊሆን አይችልም፤ እነዚያ አንድ ጊዜም ረግተው አያውቁም። በአምስቱም ቤቶች ሳይናወጥ የተላለፈው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውነት እንዴት እንደሚቆምና ኃይል ከእግር ወደ እጅ እንዴት እንደሚያልፍ የሚናገሩት መርሆች፣ እንዲሁም መምህሩ በእጁ እየነካ የሚያርምበት የማስተማር ወግ።

ያንግ ቼንግፉ እነዚህን መርሆች በአሥር ነጥብ ተናግሮ ቼን ዌይሚንግ ጽፏቸዋል። አሥሩን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ለተለማማጁ ሕይወት የሚሰጡት ጥቂቶቹ ናቸው።

አንደኛው የራስ ነገር ነው። አናት ከላይ በቀጭን ክር እንደ ተንጠለጠለ ቀና ይላል፤ አገጭ በትንሹ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንገት ግን አይገተርም። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አብዛኛው ጀማሪ እግሩን እያየ ስለሚሠራ ራሱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ሚዛኑም ይሄዳል። ትከሻና ክርንም እንዲሁ ናቸው፤ ትከሻ ሲወርድ ክርን ይከተለዋል፣ ክርን ሲነሣ ግን ትከሻ ሳያስበው ወደ ጆሮ ይወጣል። በካራቴ ወይም በቴኳንዶ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ይታገላል። የእግር ሥነ ሥርዓቱ ይረዳዋል፤ በምት መጨረሻ ላይ ትከሻን የማጠንከር ልማዱ ግን እስኪለቀው ዓመታት ይፈጃል።

ከሁሉ የሚከብደው የወገብና የብሽሽት ጉዳይ ነው። በታይ ቺ እጅ በራሱ ፈቃድ አይሄድም። እግር ይገፋል፣ ወገብ ይመራል፣ እጅ ይከተላል። ወገብ እንዲዞር ደግሞ ብሽሽት፣ ማለትም ጭን ከሆድ የሚገናኝበት እጥፋት፣ ላላ ብሎ መታጠፍ አለበት። ብሽሽቱ የተዘጋ ሰው ወገቡን ሲያዞር መዞሩን ጉልበቱ ይቀበለዋል። ጉልበት ግን ለመታጠፍና ለመዘርጋት እንጂ ክብደት ተሸክሞ ለመጠምዘዝ የተሠራ መገጣጠሚያ አይደለም። ታይ ቺ ጉልበቴን ጎዳኝ የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት በዚህ ነው፤ ጉልበታቸው ከእግር ጣታቸው አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ወይም ዓቅማቸው ሳይፈቅድ ዝቅ ብለው ይቆማሉ። ክብደት የተጫነበትን እግር በተረከዙ ላይ ማዞር ይሻላል ወይስ ክብደቱን ወደ ኋላ መልሶ ማዞር በሚለው ላይ መምህራን ዛሬም አይስማሙም። ጉልበቱ ለታመመ ሰው ግን ሁለተኛው እንደሚሻል አልጠራጠርም።

ቀጥሎ ባዶና ሙሉ የሚሉት አለ። በእያንዳንዱ ቅጽበት አንዱ እግር ክብደት ይሸከማል፣ ሌላው ነፃ ይሆናል፤ ሁለቱ ክብደቱን እኩል ተካፍለው ደንዝዘው እንዲቆሙ አይፈለግም። ይህን መፈተን ይቻላል። ፎርሙን እየሠራህ በማንኛውም ቦታ ላይ ቁም፤ ባዶ ነው የምትለውን እግር ሰውነትህን ሳታወዛውዝ አንሣው። ካልተነሣ እግሩ ባዶ አልነበረም። ዝግታም የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። ሮጥ ብሎ በሚሠራ እርምጃ የሰውነት ግፊት ስሕተትን ይሸፍናል፤ በዝግታ ሲሠራ ግን መደበቂያ የለም። ዝግታ መሣሪያ መሆኑ ተረስቶ ግብ ሲሆን ፎርሙ ወደ እንቅልፍ ይጠጋል።

ብዙ ሰው የሚስተው መርህ "በሐሳብ እንጂ በጉልበት አትሥራ" የሚለው ነው። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይዝለፈለፋል። የሚፈለገው መላላት ግን ቅርጹን አያፈርስም። ፔንግ የሚባለው የታይ ቺ የመጀመሪያ ኃይል ክንድ ክብ ሆኖ፣ ሳይጠነክር፣ ሲጫኑት መልሶ የሚገፋበት ሁኔታ ነው። የቼን ቤት ሰዎች ይህን ሐር ከትሉ ቤት እንደ መምዘዝ አድርገው ያስተምሩታል። እናቱ እንዝርት ላይ ስትፈትል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ቻይና መሄድ አይኖርበትም፤ ከባዘቶው ላይ ፈጥና ብትስብ ክሩ ይበጠሳል፣ እጇ ቢያመነታ ይቋጠራል፣ እኩል ስትስብ ብቻ እንዝርቱ እየዞረ ቀጭን ክር ይወጣል። የክንድና የእግር ጥምዘዛም እንዲሁ ሳይቋረጥና ሳይዘል ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ ማለፍ አለበት።

እነዚህ ሁሉ በአንድ እንቅስቃሴ ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት በያንግ ስልት "የድንቢጥን ጅራት መያዝ" የሚባለውን መመልከት ይበቃል። ፎርሙ ሲጀመር የሚመጣና ደጋግሞ የሚመለስ ነው። አራት ኃይሎች በተከታታይ አሉበት፤ ፔንግ፣ ክንድን አክብቦ ወደ ፊትና ወደ ላይ መመከት፤ ሉ፣ የመጣውን ኃይል ተቀብሎ ወደ ኋላና ወደ ጎን ማሳለፍ፤ ጂ፣ ሁለት እጅን ደርቦ መጭመቅ፤ አን፣ ክብደትን አስቀድሞ አውርዶ በመዳፍ መግፋት። ሉ ሲሠራ እጅ ከጎተተ ስሕተት ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ እግር ይሄዳል፣ ብሽሽት ይታጠፋል፣ ወገብ ይዞራል፤ እጆች ከዚያ ጋር የሚሄዱት ደረት ፊት ስላሉ ብቻ ነው። አን ላይ ደግሞ ጀማሪ ሁሉ ወደ ፊት ይንጋደዳል። ግፊቱ ከኋላ እግር ሲነሣና ጀርባ ቀጥ ሲል ግን መንጋደድ አያስፈልግም። ይህችን አንድ እንቅስቃሴ ለወራት የሠራ ሰው የቀረውን ፎርም ሲማር ግማሹን መንገድ ሄዷል። የተቀሩት አራት ኃይሎች፣ መንቀል፣ መሰንጠቅ፣ የክርን ምትና የትከሻ ምት፣ የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሉት እርምጃዎች መካከልን ከመጠበቅ ጋር ተጨምረው አሥራ ሦስቱን የታይ ቺ መሠረቶች ይሞላሉ።

ስለ ቺ ምን ይባል? ቺ በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለው የሕይወት ኃይል ነው። በሳይንሳዊ መሣሪያ የለካው የለም። በተለማማጁ ጆሮ ግን "ቺን ከእምብርት በታች አስቀምጥ" የሚለው ትእዛዝ ትንፋሹን ወደ ሆዱ ያወርደዋል፣ ትከሻውን ያላላዋል፣ ሐሳቡንም ወደ ሰውነቱ መካከል ይመልሰዋል። ለማስተማሪያነት ጠቃሚ ቋንቋ ነው። ሳይነካ በቺ ሰው እጥላለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ግን ያ የተለየ ነገር ነው፤ ውሸት ነው።

መርሆቹ በትክክል መያዛቸው የሚታወቀው በሁለት ሰው ልምምድ ነው። ቱይ ሾው ይሉታል፤ ሁለት ሰዎች አንጓና ክንዳቸውን አነካክተው እየተገፋፉ፣ አንዱ የሌላውን ሚዛን በንክኪ ይፈልጋል። ብቻውን ሲሠራ ያማረ ፎርም ያለው ሰው እዚህ ሲመጣ ትከሻው ጠንክሮ፣ ተረከዙ ተነሥቶ፣ በቀላል ግፊት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ሁለት ሰዎች በጉልበት የሚታገሉበት ቱይ ሾው ምንም አያስተምርም። የባህላዊ ትምህርት ዋነኛ ክፍል በወጉ የሚሠራ ቱይ ሾው ነው ባይ ነኝ። ዛሬ በአብዛኛው የጤና ክፍል ውስጥ የማይሰጠውም ይህ ነው።

ታይ ቺ ለፍልሚያ ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሁለት ታዋቂ ግጥሚያዎች ይጠቀሳሉ። በጥር 1954 የዉ ጂየንቹዋን ልጅ ዉ ጎንግይ ማካው ውስጥ ቼን ከፉ ከሚባል፣ በዕድሜ ብዙ ከሚያንሰው የነጭ ሽመላ ስልት ተፋላሚ ጋር ገጠመ። ግጥሚያው በሁለተኛው ዙር ቆመ፤ አሸናፊም ተሸናፊም አልተባለም። ግርግሩ ሆንግ ኮንግን አናውጦ በጋዜጣ ላይ አዲስ የፍልሚያ ልብ ወለድ ዘመን ከፈተ። በ2017 ደግሞ ቼንግዱ ውስጥ ሹ ሺያውዶንግ የተባለው የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ ራሱን የታይ ቺ መምህር ያለውን ዌይ ሌይን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ዘረረው፤ ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ከዚህ ታይ ቺ ባዶ ነው ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። በፊቱ ከሚቋቋመው ሰው ጋር ተለማምዶ የማያውቅ ሰው መፋለም አይችልም፤ ቪዲዮው ያሳየው ይህን ነው፣ ሐቁም ለማንኛውም ስልት ይሠራል። ለፍልሚያ ብሎ ታይ ቺ የሚጀምር ሰው ቼንጃጎው ውስጥ እንዳሉት ወጣቶች በቀን ብዙ ሰዓት ላብ ማፍሰስ ይኖርበታል፤ እሑድ ጠዋት በፓርክ የሚሠራው አይበቃውም።

በጤና በኩል ያለው ማስረጃ ከፍልሚያው ይልቅ ጠንካራ ነው። በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕሙማንን በዕጣ በሦስት ከፍሎ ለ24 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት አሠራቸው። ታይ ቺ የሠሩት በሚዛን ከሁለቱም ቡድኖች በለጡ፤ ሰውነት ከማፍታታት ቡድን ይልቅም ያነሰ ወደቁ። ያው የተመራማሪዎች ቡድን በ2018 ባወጣው ሌላ ጥናት የመውደቅ አደጋ ያለባቸው 670 አረጋውያን ተካፈሉ፤ የታይ ቺው ቡድን ሰውነት ከማፍታታት ቡድን ጋር ሲነጻጸር መውደቁ በ58 በመቶ ቀነሰ። በ2016 ደግሞ 204 የጉልበት መገጣጠሚያ ሕሙማን ታይ ቺ ወይም ፊዚዮቴራፒ ወስደው ከ12 ሳምንታት በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ተመሳሳይ እፎይታ አገኙ። በእርግጥ በእንዲህ ዓይነት ጥናት ተሳታፊው ምን እየሠራ እንደሆነ ስለሚያውቅ ውጤቱን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ተአምር ፈላጊዎች ካንሰርና ስኳር ይፈውሳል የሚሉት ከዚህ ማስረጃ ጋር አይገናኝም።

ከመነሻው ክርክር አንጻር ልብ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። በመውደቅ ጥናቱ የተሠራው 108ቱም 24ቱም አይደለም፤ ከያንግ ስልት የተወሰዱ ስምንት እንቅስቃሴዎች ናቸው። ክብደት ማዛወር፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቃት፣ ግንድን ቀጥ አድርጎ መዞር ሆን ተብሎ ተደጋግሞባቸዋል። መርሁ ከተጠበቀ ፎርም ቢያጥርም ይሠራል ማለት ነው። ይህ ረጅሙን ፎርም ዋጋ አያሳጣውም። ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ መሥራት እግርን ያጠነክራል፣ ትኩረትን ይፈትናል፤ አጭሩ የማያገኛቸው አቅጣጫዎችና ሽግግሮችም አሉበት። ግን ሁለተኛ ደረጃ ነው። ያለ መርህ የተሸመደደ ረጅም ፎርም በመርህ ከተያዘ ስምንት እንቅስቃሴ በታች ነው።

በተግባር ለጀማሪ የምለው አጭር ነው። አንድ ፎርም ያዝ፤ የቼንም ይሁን የያንግ ወይም የሱን ግድ የለም። ጉልበትህ ደካማ ከሆነ ከፍ ብሎ የሚቆመው የሱን ስልት ይስማማሃል። ፎርሙን ከመጀመርህ በፊት ክንድህን ደረትህ ፊት አክብበህ አምስት ደቂቃ ቁም፤ መምህራኑ ይህን ቆሞ መልመድ ከፎርሙ አይለዩትም። ሁለተኛ ፎርም ለመጨመር አትቸኩል። ቪዲዮ ቅደም ተከተሉን ለማስታወስ ጥሩ ነው፤ ትከሻህ መነሣቱን ግን አይነግርህም። መምህር ስትመርጥ ከማን እንደ ተማረ ጠይቀው፣ ክንዱን እንድትነካና እንድትገፋው ይፈቅድ እንደሆነ እይ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ስንት ሰው ቀርቦ እንዳረመ ልብ በል። ፊት ቆሞ ብቻ የሚያሳይ መምህር የጥበቡን ግማሽ ነው የሚሰጥህ።

ዩኔስኮ ታይ ቺን በ2020 በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በኛ አገር ኩንግ ፉ በቪዲዮ ቤቶች ፊልም በኩል ገብቶ ብዙ ወጣት የሚሠለጥንበት ክለብ ሲያገኝ፣ ታይ ቺ ግን ገና ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነው። ክለቦቹ ጠዋት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናቸው፤ በየሰፈሩ ደግሞ መውደቅ የሚፈሩ አረጋውያን አሉ። ውሹና ኩንግ ፉ የምታስተምሩ አሠልጣኞች፣ ታይ ቺን በወጉ ከሚያውቅ መምህር ተማሩና በሳምንት ሁለት ጠዋት በራችሁን ለእነርሱ ክፈቱላቸው።